ለጀማሪ ሊኑክስን በየትኛው መንገድ እናስተምር? ባሕር ዳር ላይ ለሚያስተምሩ የንጽጽር መመሪያ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ባሕር ዳር ደህና የሚሠራ ላፕቶፕ ይዞ ግራ የገባው ሰው በዝቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነም በጥቂቱ ስምንተኛ ትውልድ መሆን አለበት። በፖሊና በፔዳ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ተማሪዎች እጅ ካለው ላፕቶፕ፣ በየሰፈሩ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ከተቀመጠው ዴስክቶፕ፣ ይህን የማያሟላው ብዙ ነው።

ለእነዚህ ማሽኖች ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሥርዓት፣ ጥሩ መውጫ ነው። ነፃ ነው። ክራክ ፍለጋ የለም። ለፈለጋችሁት ሰው በሕጋዊ መንገድ ቀድታችሁ ትሰጣላችሁ። መጫኑም ቢሆን ፍላሹ ከተዘጋጀ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከባዱ ሥራ ማስተማሩ ነው። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «እባክህ ዊንዶውሴን መልስልኝ» እንዳይል አድርጎ ማስተማር።

ይህን የምጽፈው ለማስተማር ለተነሳ ሰው ነው። የትምህርት ቤት አይሲቲ መምህር ልትሆኑ ትችላላችሁ። ወይም ለታናሽ ወንድሙ የሚያሳይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ወይም ደግሞ የሰፈር ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበስብ ሰው። መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆኑም።

እኔ ሁሉንም የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ የተማረበት ነገር አብሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል ወይ? ሠልጣኙ ሽምብጥ ወይም ዘንዘልማ ገብቶ ማታ ብቻውን ሊሞክረው የማይችለው ትምህርት፣ አዳራሹ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር አይቆይም። ሌሎቹ ጉዳዮች፣ መብራት፣ የዳታ ወጪ፣ ፋይል ይጠፋል የሚለው ፍርሃት፣ ሁሉም የዚህ ጥያቄ ቅርንጫፎች ናቸው።

የትኛው ሊኑክስ?

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ መቆየት አልፈልግም። ጀማሪን በምርጫ ማድከም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱና እ.ኤ.አ. በ2006 ከእሱ ላይ ተነስቶ የተሠራው ሊኑክስ ሚንት ለመጀመር ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ ለጀማሪ ሚንትን እመርጣለሁ። ሜኑው ከታች በግራ በኩል ነው። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እጁ ራሱ ያገኘዋል። የሚወርደው ፋይልም ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ኡቡንቱ 24.04 የዚህን እጥፍ ያህል ነው። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሚንት በተለያየ መልክ ይመጣል። ራሙ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሲናሞን የተባለውን ውሰዱ። ከዚያ ካነሰ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን። በ2 ጊጋ ራም ማሽኑ ይነሳል፣ ጽሑፍም ይጻፍበታል፤ ነገር ግን ብሮውዘር ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱ ይንገዳገዳል። ይህን ለባለቤቱ ቀድማችሁ ንገሩት። በመጀመሪያው ቀን ቃል የተገባለትና ያልደረሰለት ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ኡቡንቱ፣ ሌላው ሚንት፣ ሌላው ሌላ ከያዘ ተማሪዎች እርስ በርስ መረዳዳት ያቅታቸዋል። አስተማሪውም ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል።

የት ላይ ይለማመድ?

አራት አማራጭ አለ። ከፍላሽ ማስነሳት፣ በዊንዶውስ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚነሳ)፣ ከዊንዶውስ ጎን መጫን፣ እና አሮጌ ማሽን ለዚሁ መስጠት።

ከፍላሽ ማስነሳት የሚባለው ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ሊኑክስን በቀጥታ ከፍላሹ መክፈት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም። ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእህቱ ሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም ያ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው ያለው። እዚያ ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ስትጠይቁት ሐሳቡ ትምህርቱ ላይ አይሆንም። ፍላሽ ላይ ግን «የፈለግኸውን አድርግ፣ ብታበላሸው አጥፍተህ ታስነሳዋለህ» ትሉታላችሁ። እውነትም ነው። ተራው ላይቭ ፍላሽ ሲጠፋ የሠሩበትን ሁሉ ይረሳል፣ ሲነሳ እንደ አዲስ ነው። እንደ ልብ እያበላሹ የሚማሩበት ማሽን በሌላ መንገድ በርካሽ አይገኝም።

ይኸው መርሳት ደግሞ ጉድለቱ ነው። ትናንት የጻፈውን ደብዳቤ ዛሬ ሲያጣው ያዝናል። ለዚህ መፍትሔ አለው። ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስታዘጋጁ የተወሰነ ቦታ ለማስታወሻ ከፍላችሁ መተው ትችላላችሁ። ያኔ ፋይሉም፣ የቋንቋ ምርጫውም፣ የተጫነው ፕሮግራምም ይቆያል። እኔ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት በሚረሳው፣ ከዚያ በኋላ በሚያስታውሰው እንዲሆን ነው። 32 ጊጋ ፍላሽ ከበቂ በላይ ነው።

ፍላሽ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 64 ተጽፎበት ውስጡ 8 የማይሞላ ፍላሽ ገበያው ውስጥ አለ። ሲቀዱበት የሞላ ይመስላል፣ ሲከፍቱት ፋይሉ ተበላሽቷል። ኤፍ 3 የሚባል ነፃ የሊኑክስ መሣሪያ አለ፤ ፍላሹን በፋይል ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል። ለክፍል የሚሆን ፍላሽ በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ፈትሹ።

ቨርቹዋል ማሽንን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ለኮምፒውቲንግ ተማሪ። ራሙ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለትና ሦስት ማሽን አስነስቶ ኔትወርክ ሊለማመድበት ይችላል። ስናፕሾት ይዞ፣ ማለትም ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ፣ ወደ ኋላ መመለስም ይችላል። 4 ጊጋ ራም ላይ ግን አንዱን ሳህን ለሁለት ማካፈል ነው፤ ዊንዶውሱም ሊኑክሱም ይርባቸዋል። ጀማሪውም «ሊኑክስ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ይሄዳል። ለሱቅ ባለቤት ወይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አላደርገውም።

ከዊንዶውስ ጎን መጫን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው። «ሁለቱም ይኑሩኝ» ይላል። እንደ መጨረሻ ደረጃ ጥሩ ነው፣ እንደ መነሻ አይደለም። ሃርድ ዲስክ መከፋፈል አለበት። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የበራበት ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውሱ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ፋይሉን ማግኘት አይችልም። ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕ ካልጠፋ ደግሞ ሊኑክስ በዊንዶውሱ ክፍል ላይ መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ሰዓቱም ሊዛባ ይችላል፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚይዘው፣ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ 3 ሰዓት ጎድሎ ይገኛል። ሁሉም የሚፈታ ነው። ግን ለጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ጣጣ አይደለም። ከፍላሹ ጋር ለጥቂት ሳምንት ከቆየና ራሱ «ጫንልኝ» ካለ፣ ያኔ ፋይሉን ሌላ ቦታ አስቀድታችሁ ጫኑለት።

መብራትንም አስቡ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ እየጫናችሁ መብራት ቢሄድ፣ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል። ከፍላሽ ብቻ ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩ አልተነካም፤ መብራት ሲመጣ መቀጠል ነው።

የቀረው አሮጌ ማሽን ነው። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ወይም የተጣለ ላፕቶፕ አምጥቶ፣ ከተማሪዎች ጋር ከፍቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ራም ጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ቀይሮ ሊኑክስ መጫን። ልጆቹ ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ በእጃቸው ይነካሉ። መጨረሻ ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር ይኖራል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ አንድ ቤት ይገባል። ከላይ ባስቀመጥሁት መለኪያ ይህ አንደኛ ነው። የሚፈልገው ጊዜና የእናንተ ትዕግሥት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ልዩነቱ ወዲያው የሚታየው እሱ ነው። 32 ቢት ብቻ የሆነ በጣም አሮጌ ማሽን ከገጠማችሁ የአሁኑ ሚንት አይነሳበትም፤ አንቲኤክስ የተባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ ሞክሩ።

የመጀመሪያው ቀን

ብዙ ሥልጠና የሚጀምረው በታሪክ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ጻፈ፣ ከዚያ በፊት ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን አወጀ፣ እያለ ይቀጥላል። ታሪኩ የሚያምር ታሪክ ነው። ነገር ግን ቦታው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ገና ምንም ላልነካ ሰው ስም ብቻ ይሆንበታል። ሌላው የተለመደ አጀማመር ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት፣ በተርሚናል ነው። ይህ ደግሞ «እኔ የምችለው ነገር አይደለም» ብሎ የሚነሳውን ሰው ያበዛል።

እነዚህን ትቼ ሁለት አጀማመሮችን ላወዳድር።

የመጀመሪያው፣ በቫይረስ የተያዘ ፍላሽ ማዳን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ሾርትከት ቫይረስን ያውቀዋል። ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል፣ ሰውየው ይደነግጣል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። ያንን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት፣ ዊንዶውስ «ድብቅ» ብሎ ያስቀመጠውን ሊኑክስ አይደብቀውም። ሁሉም ይታያል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እዚህ አይነሳም። ተማሪዎቹ ፋይሎቹን ይቀዳሉ፣ ሾርትከቶቹንና የማይታወቀውን ስክሪፕት ያጠፋሉ። በዚህ መሐል ፋይል መክፈት፣ መቅዳት፣ ማጥፋት፣ ፍላሽ በሥርዓት ማውጣት ተምረዋል። «ይሄ ነገር ይጠቅመኛል» የሚለውም ያለ ስብከት ይገባቸዋል። ለወጣቶችና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከዚህ የተሻለ መክፈቻ የለም እላለሁ።

ሁለተኛው፣ ሠልጣኙን ከራሱ ሥራ ማስጀመር ነው። ይህ ለትልልቅ ሰዎች ነው። የሱቅ ባለቤት ከሆነ የዱቤ መዝገቡን ያምጣ። ሊብሬኦፊስ ካልክ ላይ ስም፣ ቀን፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ ቀሪው ብላችሁ አምድ አብራችሁ ሥሩ። ቀሪው ራሱ ሲደመርና ሲቀነስ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ባጃጅ ያለው ሰው የየቀኑን ገቢና የጥገና ወጪ። ሐይቁ ዳር አሳ የሚሸጥ የቀረሶና የአምባዛውን ኪሎ ለየብቻ። በጀልባ ወደ ገዳማቱ እንግዳ የሚወስድ አስጎብኚ ፎቶውን በየጉዞው ፎልደር አድርጎ ያደራጅ። ሊኑክስ መማሩን እስኪረሳው ድረስ ሥራው ላይ ይጠመዳል። ጉድለቱ ቡድን ውስጥ አለመመቸቱ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ስላለው አንድ አስተማሪ ከጥቂት ሰው በላይ አይችልም።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ፣ በመጀመሪያው ቀን አማርኛ መጻፍ መቻል አለባቸው። ይህን ለነገ አታሳድሩት። ስሙን በራሱ ፊደል ጽፎ ያየ ሰው ማሽኑን የራሱ ያደርገዋል። ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ ግን ብዙ ሰው የለመደው እንደ ድምፁ መጻፍን ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲነካ «ሰላም» እንዲወጣ ይፈልጋል። ለዚህ የአይባስ ኤም17ኤን (ibus-m17n) ጥቅልን ጭናችሁ ሴራ የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ምረጡ፤ ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ አለ። ሁለቱም ኢንተርኔት የሚፈልጉት ሲጫኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚያስታውሰው ፍላሽ ላይ ቀድማችሁ ጫኗቸው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ የያዘ ሰው ካለ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣበታል። የፎንቱን ፋይል ሊኑክስ ላይም መጫን ይቻላል፤ ያኔ ይነበባል።

ተርሚናልን በእንቆቅልሽ

ተርሚናልን ጨርሶ ካለማስተማር ጎን አይደለሁም። ጊዜው ሲደርስ መማር አለበት። ጥያቄው እንዴት ነው።

የትእዛዝ ዝርዝር በወረቀት አትሞ ማስሸምደድ በብዙ ክፍል የሚሠራበት መንገድ ነው። ለፈተና ይጠቅም ይሆናል። ዝግጁ ጨዋታዎችም አሉ። ባንዲት የተባለው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን በኢንተርኔት ከሩቅ ማሽን ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ እንግሊዝኛውም ለጀማሪ ይከብዳል። ጌምሼል የተባለው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እሱ ግን ታሪኩ የሌላ አገር ቤተ መንግሥትና ደን ነው። እንግሊዝኛ ለሚችል ጎበዝ ተማሪ ሁለቱንም እመክራለሁ። ለቀረው ግን ራሳችን መሥራት እንችላለን፤ ከባድ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። «ጣና» የሚል ፎልደር ፍጠሩ። በውስጡ ዘጌ፣ ደቅ፣ ክብራን፣ እንጦስ፣ ደብረ ማርያም፣ ጎርጎራ የሚሉ ፎልደሮች ይኑሩ። ዘጌ ውስጥ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም። በየፎልደሩ አንዲት የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፤ በውስጧ እንቆቅልሽ አለች። ተማሪው በኤልኤስ (ls) ዙሪያውን ያያል፣ በሲዲ (cd) ከቦታ ወደ ቦታ ይሻገራል፣ በካት (cat) ያነባል፣ ሲጠፋበት በፒደብሊውዲ (pwd) የት እንዳለ ይጠይቃል። የእንቆቅልሹ መልስ የሚቀጥለው ፎልደር ስም ነው። ለምሳሌ፦

እንቆቅልህ።
ምን አውቅልህ?
ቡናዬ ከደን ጥላ ሥር፣ በሬ ከሐይቁ ዳር።

መልሱ ዘጌ ነው። «ነገሥታት አስከሬናቸውን አደራ ብለው የሰጡኝ» ካላችሁ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ እሱን ግን ደቅ አጠገብ ሳይሆን ሦስት ፎልደር ወደ ታች ደብቁት፣ በፋይንድ (find) ይፈልጉት። «ሐይቁን አቋርጦ ሳይደባለቅ ይወጣል የሚሉኝ» ካላችሁ ዓባይ ነው፤ የዚህን ፋይል ስም በነጥብ አስጀምሩት። በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሊኑክስ ላይ የተደበቀ ነው። ተማሪው ኤልኤስ ብሎ ሲያጣው፣ ዳሽ ኤ (ls -a) ጨምሮ ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ገፋ ላሉት ደግሞ ፈቃድ የተነፈገ ፋይል አስቀምጡ፣ ፈቃድ የሚቀይረውን ቺሞድን (chmod) ራሳቸው ይጠይቃሉ።

አሁን የምወደው ክፍል። በእንቆቅልህ ጨዋታ መልስ ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል አይደል? ክፍሉን ለሁለት ቡድን ክፈሉ። ለየቡድኑ አንድ ፎልደር ይኑረው፣ በውስጡም የተወሰኑ ከተሞች፣ እያንዳንዱ ከተማ ባዶ ፎልደር። መልስ ያጣው ቡድን አገር ይሰጣል፤ ማለትም ኤምቪ (mv) ብሎ ጎንደርን ወይም ደብረ ታቦርን ከራሱ ፎልደር ወደ ተጋጣሚው ያዛውራል። በማውስ መጎተት ክልክል ነው። የፎልደሩን መንገድ አሳስቶ የጻፈ አገሩ ሌላ ቦታ ይገባል፣ ፈልጎ ማምጣት አለበት። ልጆቹ እየተጯጯሁ፣ እየተራረሙ፣ የፋይል አድራሻ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል። ይህ ለማስረዳት በጣም ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ነው።

ፎልደሮቹን ስትሰይሙ በላቲን ፊደል ጀምሩ። ሊኑክስ የግዕዝ ስምን ያለ ችግር ይቀበላል፣ ግን ተርሚናል ውስጥ ፊደሎቹ አንዳንዴ ተጣበው ወይም ተደራርበው ይታያሉ። የእንቆቅልሾቹን ፋይል ግን በአማርኛ ጻፉት። ታብ የምትባለውን ቁልፍም ቶሎ አሳዩአቸው፤ ሁለት ፊደል ጽፈው ታብ ሲነኩ ስሙ ራሱ ይሞላል። ጨዋታው ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ ማሽን ብቻ ቢኖርም ይቻላል። እንደ ተራ ፎልደር ስለሆነ ፍላሹ ላይ ተቀድቶ ከተማሪው ጋር ወደ ቤት ይገባል።

ማን ያስተምር?

ፕሮጀክተር ይዞ ፊት ቆሞ ማስተማርና አንዱ ሌላውን እንዲያስተምር ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮጀክተር ለብዙ ሰው አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ለማሳየት ይጠቅማል። ማሽኖቹ በኬብል የተያያዙበት ላብራቶሪ ካላችሁ ኤፖፕቴስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የመምህሩን ስክሪን በየተማሪው ስክሪን ላይ ያወጣዋል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ፕሮጀክተር መከራየት ሳያስፈልግ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

እኔ ግን የማምነው ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ በሚቀርበው መንገድ ነው። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የኔታ የሚሰሙት ተጠናቅቆ ሲመጣ ነው። ሊኑክስንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዱ ማውስና ኪቦርድ ይይዛል፣ ሌላው በቃል ይመራዋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ትናንት ፍላሽ ማዘጋጀት የተማረ ዛሬ ለአዲስ መጪ ያዘጋጃል። በቃሉ ያስረዳ ተማሪ ነገሩን ይይዘዋል።

ለአስተማሪው አንድ ደንብ አለ፣ ከባድም ነው። የተማሪውን ማውስ አትንኩ። ሲንገታገት ዝም ብሎ ማየት ያማል። እጃችሁ ከገባ ግን ትምህርቱ የእናንተ ይሆናል። በአፍ ምሩት፣ በጣት አሳዩት፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች ስታስተምሩ። «እትዬ፣ እዚች ጋ ይንኩ» ብሎ መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ነገ ብቻቸውን የሚከፍቱት በዚያ ምክንያት ነው።

ለትንንሽ ልጆች ነገሩ ቀላል ነው። ጂኮምፕሪና ተክስ ፔንት ጫኑላቸውና ተዉአቸው። ተክስ ፔንት ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ የሥዕል ሰሌዳ ነው። ጂኮምፕሪ ውስጥ ፊደልና ቁጥር፣ ማውስ መቆጣጠር፣ ካርታ፣ ሎጂክ፣ ብዙ ጨዋታ አለ። ከጎናቸው ሁኑ እንጂ ሥርዓተ ትምህርት አታውጡላቸው።

ማንን ሊኑክስ አናስገባ?

ይህን መናገር የአስተማሪ ግዴታ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራም ተምሮ ቢሮ ሊቀጠር የሚፈልግ የሂሳብ ተማሪ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል፤ ፕሮግራሙ ለእሱ ነው የተሠራው። አውቶካድ ለሚሠራ ሲቪል ተማሪም እንዲሁ። ለእነሱ ፍላሹ በቂ ነው፣ ማሽናቸውን አትንኩ። ለጥናት ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚፈልግ ተማሪ ግን ነፃውን ፒኤስፒፒን ይሞክር፤ ለብዙው መሠረታዊ ትንተና ይበቃዋል።

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ከሆነች ከመቀየሯ በፊት ፕሪንተሯን በላይቭ ፍላሽ ሞክሩላት። የኤችፒ ማሽኖች አብዛኞቹ እንደተሰኩ ይሠራሉ። አንዳንድ የካነን ሌዘር ሞዴሎች ግን ሾፌራቸው (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባቸው ድራይቨር) ያስቸግራል። ስካነሩንም፣ ዋይፋዩንም በዚያው ፈትሹ። ዋይፋይ አልሠራ ካለ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ማጋራት ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሠራል፤ በዚያ የጎደለውን ሾፌር ታወርዳላችሁ። ከነዚህ አንዱ ካልተፈታ እንጀራዋ ላይ አትፍረዱ፤ ዋናው ማሽን በነበረበት ይቆይ፣ ሊኑክስ በሁለተኛው ላይ ይሁን።

ኮምፒውተር የሌለው

በየክፍሉ ስልክ ብቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ። ከሌላው ሰው ትከሻ ጀርባ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ይቀራል። አንድሮይድ ስልክ ራሱ በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ነው። ኤፍድሮይድ ከተባለው የነፃ ፕሮግራሞች ማከማቻ ስልክ ላይ ተርሚናል የሚከፍተውን ተርሙክስን ብትጭኑለት ኤልኤስ፣ ሲዲ፣ ካት፣ ኤምቪ ሁሉም እዚያ አሉ። ዴስክቶፑን አያሳየውም፣ ሊብሬኦፊስንም አያስተምረውም። ያ የጣና ፎልደር ግን ዚፕ ተደርጎ በብሉቱዝ ይላክለታል፣ ተርሙክስ ውስጥ ይገባል፣ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ከእንጦስ ወደ ጎርጎራ ይሻገራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ትእዛዞቹን የሚያውቅ እሱ ይሆናል፤ ባለ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጡትና እሱ ይምራ።